ዛሬ ነገ እያላችሁ ለተጨነቃችሁ፦ ሥራን ለመጀመር የሚረዳ ዝርዝር መመሪያ

ሰኔ ሲቃረብ ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ ጭንቀት የያዘው ሰው ይበዛል። የ12ኛ ክፍል ተማሪው ስለ ብሔራዊ ፈተናው ያስባል። የዩኒቨርሲቲ ተመራቂው የመውጫ ፈተናና የመመረቂያ ጽሑፍ አለበት። ነጋዴው የሐምሌ ግብር ይጠብቀዋል። ሁሉም ሥራው እንዳለ ያውቃል፣ መሥራትም ይፈልጋል። ግን ቀኑ ዝም ብሎ ያልፋል። ማታ ላይ «ምን ዓይነት ሰነፍ ነኝ» እያለ ራሱን ሲወቅስ ያድራል።

ይህን የምጽፈው ለዚያ ሰው ነው። ሰነፍ ሰው ባልሠራው ሥራ እንቅልፍ አያጣም። እናንተ እንቅልፍ እያጣችሁ ከሆነ ችግሩ ሌላ ቦታ ነው፤ መፍትሔውም ሌላ ነው።

ቋጠሮው እንዴት እንደሚጠብቅ

እንበል አንዲት ልጅ ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተመራቂ ናት። የመመረቂያ ጽሑፏን ምዕራፍ ሁለት ለአማካሪዋ ማስረከብ አለባት። ላፕቶፑን ስትከፍት ደረቷ ይጨንቃታል። «የማይረባ ነገር ብጽፍስ? መምህሬ ምን ይለኛል?» ትላለች። ቴሌግራም ትከፍታለች። ወዲያው ቀለል ይላታል።

ጣጣው ያለው እዚያች ቅለት ውስጥ ነው። አእምሮዋ «ከሥራው ስሸሽ ይሻለኛል» የሚል ትምህርት ወሰደ። በማግሥቱ ያው ጭንቀት ጥፋተኝነት ጨምሮ ይመጣል። ይባስ ብሎ «ይህን ያህል ካዘገየሁማ የሚያኮራ ነገር ይዤ መቅረብ አለብኝ» ትላለች። መስፈርቷ ከፍ ይላል። መስፈርቱ ከፍ ሲል መጀመሩ የበለጠ ያስፈራል። ስለዚህ ጭንቀት፣ ማዘግየትና «ፍጹም ካልሆነ አልነካውም» ማለት አንድ ላይ የተቋጠሩ ናቸው። ማዘግየትን ለረጅም ጊዜ ያጠኑት ፉሺያ ሲሮይስና ቲሞቲ ፒቺልም በ2013 (እ.ኤ.አ.) ባወጡት ጽሑፍ ተመሳሳይ ነገር ይላሉ። ሰው ሥራን የሚያዘገየው በዋናነት ለአሁኗ ቅጽበት ስሜቱን ለማሻሻል ብሎ ነው፤ ዕዳው ለነገው ማንነቱ ይተርፋል።

ብዙ ሰው ሲጨነቅ መጀመሪያ የሚያደርገው ቆንጆ የጥናት ፕሮግራም አውጥቶ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ነው። እኔ ከዚያ እንድትጀምሩ አልመክርም። ፕሮግራም ሰዓትን ያስተካክላል እንጂ ፍርሃትን አይነካም።

ደረጃ 1፦ የምትሸሹት ምን እንደሆነ እወቁ

አንድ ወረቀት በሦስት ክፈሉ። ለሦስት ቀን ያህል፣ ሥራ ትታችሁ ወደ ሌላ ነገር በሄዳችሁ ቁጥር ሦስት ነገር መዝግቡ። ሥራው ምን ነበር? ምን ተሰማችሁ? በዚያች ሰዓት በአእምሯችሁ ያለፈው ዓረፍተ ነገር ምንድን ነው? ዓረፍተ ነገሩን እንዳለ ጻፉት፣ አታሳምሩት።

ለምሳሌ ደሴ ሙጋድ ላይ ሱቅ ያለው ሰው ደረሰኞቹን በፌስታል አጭቆ ወራት ቢያልፉ እንዲህ ሊጽፍ ይችላል፦ «ሥራው፦ ደረሰኝ መመዝገብ። ስሜቱ፦ ፍርሃት። ሐሳቡ፦ ስንት ግብር እንደሚመጣብኝ ካየሁ ዛሬ ማታ አልተኛም።»

ይህን የማስጻፋችሁ ሁሉም ማዘግየት አንድ ስላልሆነ ነው። መዝገባችሁን ስታዩ ከእነዚህ አንዱ ጎልቶ ይወጣል። አንዳንዱ ግራ መጋባት ነው። ምን እንደሚሠራ በትክክል አታውቁም። ያኔ መፍትሔው የሚያውቅ ሰው ዘንድ ሄዶ መጠየቅ ነው፤ ስለ ሥነ ልቦና ማንበብ አያስፈልጋችሁም። አንዳንዱ መሰልቸት ነው። ለዚህ አብሮ የሚቀመጥ ሰው ፈልጉ፣ ሥራውንም ቁረጡት። አንዳንዱ ደግሞ ቂም ነው። የመረጣችሁት ትምህርት ወይም ሥራ አይደለም፣ ቤተሰብ መርጦላችኋል። እሱ ከቤተሰብ ጋር መነጋገርን ይጠይቃል እንጂ በዘዴ አይፈታም። ፍርሃት ከሆነ ግን የሚከተሉት ደረጃዎች ለእናንተ ናቸው።

ደረጃ 2፦ ሰውነትን ማብረድ

ስትጨነቁ ልብ ይመታል፣ ትንፋሽ ያጥራል፣ እጅ ያልባል። ይህ ሰውነት ለአደጋ ሲዘጋጅ የሚያደርገው የተለመደ ነገር ነው። ፈጥኖ ለማብረድ ትንፋሽን ማዘግየት ይረዳል። በአፍንጫ እስከ አራት ቆጥራችሁ ሳቡ፣ እስከ ስድስት ቆጥራችሁ ቀስ ብላችሁ አውጡ። በዚህ አካሄድ በደቂቃ ስድስት ጊዜ ገደማ ትተነፍሳላችሁ። አምስት ደቂቃ ይበቃል። ጭንቀቱ እስኪጠፋ አትጠብቁ። ዓላማው ከጭንቀቱ ጋር ወንበር ላይ መቀመጥ መቻል ነው።

ሁለተኛው መንገድ ዳገት ነው። ደሴ በጦሳ ተራራ ሥር፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ዳገት ፍለጋ ሩቅ አትሄዱም። የልብ ወይም የአስም ሕመም ከሌለባችሁ ሃያ ደቂቃ ያህል ፈጠን ብላችሁ ውጡ። ልባችሁ ይመታል፣ ትንፋሽ ያጥራችኋል፣ ያልባችኋል። ከዚያ ቁሙና ልብ በሉ። ፈተና ፊት የሚያስፈራችሁ ስሜት ይኸው ራሱ ነው። ምንም ሳያደርጋችሁ ያልፋል። ይህን ደጋግሞ ያየ ሰውነት የልቡን ምት መፍራት ይቀንሳል።

ስለ ቡናና ስለ ጫትም ማለት ያለብኝ አለ። ወሎ ውስጥ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሳይጠጣ ሰው ከጎረቤት አይነሳም፤ ይህን ማንም እንዲተው አልፈልግም። ነገር ግን ጭንቀት የሚበዛባችሁ ከሆነ ከሰዓት በኋላ ያለውን ቡና ቀንሱ። የጠጣችሁት ካፌይን ከአምስት ሰዓት ያህል በኋላም ግማሹ ሰውነታችሁ ውስጥ አለ። አቦሉን ጠጥታችሁ ለበረካው ጨዋታ ብቻ መቀመጥ ነውር አይደለም።

ጫት ግን ሌላ ነው። «ለጥናት ያነቃል» እየተባለ ብዙ ተማሪ ሲቅምበት አያለሁ፣ ያሳዝነኛል። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን አነቃቂ ንጥረ ነገር ነው፤ አሠራሩ ከአምፌታሚን ጋር ይቀራረባል። ምርቃናው ላይ ሁሉም ነገር የሚቻል ይመስላል፣ ዕቅድ ይበዛል። ሲወርድ ድብርቱና እንቅልፍ ማጣቱ ይመጣል። እንቅልፍ ያጣ አእምሮ በማግሥቱ የበለጠ ይጨነቃል። ከጭንቀት ጋር እየታገላችሁ ጫት መቃም ጭንቀቱን መመገብ ነው።

ደረጃ 3፦ ለጭንቀት ቀጠሮ ያዙለት

«አትጨነቅ» የሚለው ምክር አይሠራም፤ የተከለከለ ሐሳብ ይብሳል። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ቶማስ ቦርኮቬክና ባልደረቦቹ በ1983 (እ.ኤ.አ.) ሌላ መንገድ ሞከሩ። ሰዎቹ በየቀኑ በአንድ ቦታ፣ በአንድ ሰዓት ለግማሽ ሰዓት እንዲጨነቁ አደረጓቸው። በቀረው ጊዜ ጭንቀት ሲመጣ ወደዚያ ሰዓት ያስተላልፉታል። ጭንቀታቸው ቀነሰ።

እናንተም ሞክሩት። ከቀኑ 11 ሰዓት ጥሩ ነው። ለመኝታ የቀረበ ሰዓት አትምረጡ፣ አልጋ ላይም አታድርጉት። ቀን ላይ ሐሳቡ ሲመጣ በአንዲት ቃል ወረቀት ላይ አኑሩትና ወደ ሥራችሁ ተመለሱ። 11 ሰዓት ሲደርስ ወረቀቱን ይዛችሁ ተቀመጡ። አንዱ ጭንቀት ልታደርጉበት የምትችሉት ነገር ያለው ነው፤ ከጎኑ ቀጣዩን አንድ እርምጃ ጻፉ። ሌላው ምንም የማታደርጉበት ነው፤ ለእሱ ሰዓቱ እስኪያልቅ ተጨነቁለት፣ ጸልዩበት፣ ዱዓ አድርጉበት፣ ከዚያ ተነሡ። ብዙው ጭንቀት እስከ 11 ሰዓት ድረስ ጉልበቱን እንደሚያጣ ራሳችሁ ታያላችሁ።

ደረጃ 4፦ የሚያስፈራችሁን ሐሳብ መርምሩ

አሮን ቤክ የተባለው አሜሪካዊ ሐኪም በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የጀመረው ሕክምና መነሻው ቀላል ነው። የሚያስጨንቀን ነገሩ ብቻ ሳይሆን ስለ ነገሩ ለራሳችን የምንነግረው ጭምር ነው። ስለዚህ ደረጃ 1 ላይ የጻፋችሁትን ዓረፍተ ነገር አውጡና ጠይቁት። ማስረጃው ምንድን ነው? የሚቃወመውስ? የፈራሁት ቢደርስ በሳምንቱ ምን አደርጋለሁ? የምወደው ጓደኛዬ ይህንኑ ቢነግረኝ ምን እለው ነበር?

ራሳችሁን በባዶ ተስፋ አትሸንግሉ። ለ12ኛ ክፍል ተማሪ «ታልፋለህ፣ ምንም አትሆንም» ማለት አይጠቅመውም። በ2014 ዓ.ም. ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ተማሪው ይህን ያውቃል። ፍርሃቱ ከሜዳ አልመጣም። ስለዚህ «ባላልፍስ?» የሚለውን እስከ መጨረሻው ድረስ መመለስ ይሻላል። ሪሜዲያል አለ። ቴክኒክና ሙያ አለ። እንደገና መፈተን አለ። የሚያስከፋ ነው፤ ግን ከክፋቱ ማዶ የሚኖር ሕይወት አለ። መልሱን በወረቀት ጻፉት። መልስ ያገኘ ጥያቄ ሌሊት አይቀሰቅስም።

ከሐሳቦቹ ሁሉ ጠንካራው «ሰው ምን ይለኛል» የሚለው ነው። ፖል ሂዊትና ጎርደን ፍሌት በ1991 (እ.ኤ.አ.) ፍጹምነትን ፍለጋን በሦስት ከፍለውታል። ከራስ ላይ የሚጠየቅ፣ ከሌሎች ላይ የሚጠየቅ፣ እና «ሌሎች ከእኔ ይጠብቃሉ» ብለን የምናስበው። ከድብርት ጋር ጠንክሮ ተያይዞ የሚገኘው ሦስተኛው ነው። እኛ አገር ይህ ይሉኝታ ነው። ደሴ ውስጥ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ያደገ ልጅ ውጤቱን ሸዋበር ሰፈር ያለችው አክስቱ በዕለቱ ትሰማዋለች። ይህን አልክድም። ግን አንድ ነገር አድርጉ፦ በእርግጥ አስተያየታቸው የሚመለከታችሁን ሰዎች ስም ጻፉ። ከአምስት ብዙም አይበልጡም። ከእነሱ ለአንዱ ሄዳችሁ «ከእኔ ምን ትጠብቃለህ?» ብላችሁ ጠይቁ። እናት ብትሆን «እማዬ፣ ውጤቴ ቢበላሽ ምን ይሰማሻል?» በሏት። የምትሰሙት መልስ ከገመታችሁት የለሰለሰ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ባይሆንም ቁርጡን ታውቃላችሁ።

ደረጃ 5፦ «በቃ» የሚባለውን ልክ አስቀድማችሁ ወስኑ

እዚህ ላይ ረዘም እላለሁ፣ ምክንያቱም ጎበዝ ሰዎችን የሚይዛቸው ይህ ነው።

ፍጹም መሆን የሚፈልግ ሰው ሥራው የሚያልቅበትን መስመር አያሰምርም። መስመር ከሌለ ሥራ አያልቅም። ስለዚህ ከመጀመራችሁ በፊት በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ፦ «ምዕራፍ ሁለት አለቀ የሚባለው አሥር ገጽ ሲሞላ፣ ምንጮቹ ሲጠቀሱና አንዴ ሲነበብ ነው።» ይህን የምትጽፉት ቀዝቀዝ ባላችሁበት ሰዓት ነው። መሐል ላይ «ትንሽ ልጨምርበት» የሚል ድምፅ ሲመጣ ወረቀቱን ተመልከቱ። መስመሩ ካለፈ አስረክቡ።

ቀጥሎ ሁለት ረቂቅ እንደሚኖር ተቀበሉ። የመጀመሪያው ለማንም አይታይም። ዓረፍተ ነገሩ የተሰበረ ይሁን። የረሳችሁት ቃል ቦታ ባዶ መስመር ተዉ። በአማርኛም በእንግሊዝኛም ይቀላቀል። ሥራው ሐሳቡን ከጭንቅላት ወደ ወረቀት ማውረድ ብቻ ነው። ማረም የሌላ ቀን ሥራ ነው። ሁለቱን ባንድ ጊዜ ለማድረግ የሚሞክር ሰው አንድ መስመር ጽፎ ሦስት ጊዜ ይሰርዛል።

ከዚያ ሙከራ አድርጉ። ፍጹምነት የሚኖረው «ትንሽ ብሳሳት ጉድ ይፈላል» በሚል ግምት ላይ ነው። ግምቱን ፈትኑት። መጀመሪያ ምን እንደሚደርስ ጻፉ፣ ከዚያ ሆን ብላችሁ ትንሽ ጎደሎ ነገር ሥሩ፣ ከዚያ የደረሰውን ጻፉ። የቴሌግራም መልእክት ሳታነቡ ላኩ። ቤቱን ሙሉ ሳታጸዱ ጎረቤት ለቡና ጥሩ። ክፍል ውስጥ መልሱን እርግጠኛ ሳትሆኑ እጅ አውጡ። ከቀላሉ ጀምራችሁ ወደሚከብደው ውጡ። ጎረቤቷ ቡናዋን ጠጥታ፣ መርቃ ትሄዳለች፤ ያልተጠረገውን ጥግ ላታየውም ትችላለች። ይህን በዓይናችሁ ስታዩ የሚመጣው ለውጥ ከአሥር ምክር ይበልጣል።

ጥንቃቄ ግን አለ። ይህ ሙከራ ለመድኃኒት መጠን፣ ለሒሳብ መዝገብ ወይም ለፋብሪካ ማሽን ደህንነት አይሆንም። ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ማሽን ላይ የምትሠራ ልጅ ጥንቃቄዋን መቀነስ የለባትም። ሙከራው ስሕተት ማንንም በማይጎዳበት ቦታ ብቻ ነው። እዚያም ቢሆን ብዙ ቦታ አለ።

ደረጃ 6፦ መጀመሪያውን አሳንሱት

«ዛሬ አጠናለሁ» ዕቅድ አይደለም፣ ምኞት ነው። ፒተር ጎልዊትዘር በ1999 (እ.ኤ.አ.) ባቀረበው ጽሑፍ «ይህ ሲሆን ያንን አደርጋለሁ» ተብሎ የተያዘ ዕቅድ ከዝም ብሎ ምኞት እጅግ የተሻለ እንደሚፈጸም አሳይቷል። ቀድሞ ካላችሁ ልማድ ጋር አያይዙት፦ «የአስር ሶላት ሰግጄ ስመለስ ላፕቶፑን ከፍቼ አንድ ዓረፍተ ነገር እጽፋለሁ።» «ከቁርስ በኋላ ስልኩን ለእህቴ ሰጥቼ የሒሳብ ደብተሩን ገጽ እከፍታለሁ።» ለእንቅፋቱም አዘጋጁለት፦ «መብራት ከጠፋ ሳልነሳ በወረቀት እቀጥላለሁ።» ይህች የመጨረሻዋ ለእኛ ከተሞች የግድ ታስፈልጋለች።

የመጀመሪያው እርምጃ እምቢ ለማለት የሚያሳፍር ያህል ትንሽ ይሁን። ባለ ሱቁ ፌስታሉን ጠረጴዛ ላይ ይዘርግፍ፣ አምስት ደረሰኝ ብቻ ይመዝግብ። ከጀመራችሁ በኋላ 25 ደቂቃ ሠርቶ 5 ደቂቃ ማረፍ ለብዙ ሰው ይስማማል። ጣሊያናዊው ፍራንቼስኮ ቺሪሎ በ1980ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ተማሪ ሳለ ያወጣው ዘዴ ነው። እረፍቱ ላይ ስልክ አትንኩ፤ አምስቷ ደቂቃ አርባ ትሆናለች።

ጊዜ ስትገምቱ ደግሞ ራሳችሁን አትመኑ። ሮጀር ቡለርና ባልደረቦቹ በ1994 (እ.ኤ.አ.) የመመረቂያ ጽሑፍ የሚጽፉ ተማሪዎችን መቼ እንደሚጨርሱ ጠየቁ። በአማካይ 33.9 ቀን አሉ። የወሰደባቸው 55.5 ቀን ነው። ከገመታችሁት ላይ ቢያንስ ግማሹን ጨምሩበት።

ደረጃ 7፦ ስትወድቁ

ትወድቃላችሁ። ሁለት ቀን ሳትሠሩ ይውላል። ያኔ ራስን መስደብ የሚያነቃ ይመስላል፤ ነገሩ ግን ተቃራኒ ነው። ማይክል ዎል፣ ፒቺልና ባልደረባቸው በ2010 (እ.ኤ.አ.) ባወጡት ጥናት፣ ለመጀመሪያው ፈተና ጥናት አዘግይተው ለራሳቸው ይቅር ያሉ ተማሪዎች ለሚቀጥለው ብዙም አላዘገዩም። ስድብ ሥራውን የበለጠ አስፈሪ ያደርገዋል፣ ከአስፈሪ ነገር ደግሞ ሰው ይሸሻል። ለጓደኛችሁ «አብሽር» የምትሉትን ያህል ለራሳችሁም በሉ፣ ከዚያ የዛሬዋን ትንሽ እርምጃ ሥሩ።

ከሁሉም የሚከብደው ከጠፉ በኋላ መመለስ ነው። ተማሪው አፍሮ ከአማካሪው ይደበቃል፣ በተደበቀ ቁጥር ሐፍረቱ ይጨምራል። መልእክቱን እኔ ላርቅቅላችሁ፣ ስማችሁን አስገቡና ላኩት፦

«ሰላም መምህር፣ እንደምን አሉ። ምዕራፍ ሁለትን በቀኑ ባለማስረከቤ ይቅርታ እጠይቃለሁ። እስካሁን የጻፍኩትን አያይዣለሁ፤ ገና አላለቀም። የተቸገርኩት የቀደሙ ጥናቶችን በማደራጀት ላይ ነው። ሐሙስ ወይም ዓርብ ቢሮዎ መጥቼ ላነጋግርዎ እችላለሁ?»

ረጅም ሰበብ አትጨምሩ። ያለቀ ነገር እስኪኖራችሁም አትጠብቁ። ያላለቀውን ይዞ መቅረብ ራሱ የደረጃ 5 ልምምድ ነው።

በራስ ብቻ የማይወጡት ሲሆን

ጭንቀቱ ለሳምንታት ሳይለቅ እንቅልፍና ምግብ ከከለከላችሁ፣ ድንገት የሞት ያህል ፍርሃት እየመጣ የሚሄድ ከሆነ፣ ወይም መኖር ካስጠላችሁ ወደ ሕክምና ሂዱ። ሐሳቡ ራስን ወደ መጉዳት ካደረሰ ቀጠሮ አትጠብቁ፤ በዚያው ሰዓት ለቅርብ ሰው ተናግራችሁ አብራችሁ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ያያችሁት ነገር አሁንም በሕልም የሚመጣ ወይም በድምፅ የሚያስደነግጣችሁ ከሆነም ይህ መመሪያ አይበቃችሁም። እሱ የራሱ ሕክምና አለው፣ በሕክምናም ይሻላል።

ደሴ አጠቃላይ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። ከኮምቦልቻ በሐረጎ ዳገት 25 ኪሎ ሜትር ያህል በሚኒባስ ነው። ጠበል የምትጠመቁ፣ ዱዓ የምታስደርጉ ከሆነ ያንን ሳትተዉ ሕክምናውንም ጨምሩ። ሐኪሙ ፊት ስትቀርቡ «ጨንቆኛል» ብቻ ብላችሁ አትመለሱ። መቼ እንደጀመረ፣ በቀን ስንት ሰዓት እንደምትተኙ፣ ምን መሥራት እንዳቃታችሁ፣ ቡና፣ ጫት ወይም መድኃኒት ምን ያህል እንደምትወስዱ ንገሩት። የደረጃ 1 ወረቀታችሁን ይዛችሁ ብትሄዱ ግማሹን ወረቀቱ ይናገርላችኋል።